ጫማውን ያላወለቀው ሰው

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው በር ላይ መቆም ነው» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ወረቀቱን አጥፈው ለአዜብ እየመለሱላት። «አዎ ወይም አይደለም እንድልሽ ፈልገሽ ነበር። እሱን አልችልም። ይህን ልንገርሽ።»

አዜብ የፈለገችው መልስ እንጂ ተረት አልነበረም። ግን ጊዜ ነበራት። ገና ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሰዎቹ የሚመጡት ዘጠኝ ላይ ነው።

የተቀመጡት በኮንዶሚኒየሙ መግቢያ፣ በደረጃው ሥር ነው። ጋሽ ልሳነወርቅ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ከደረጃው አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እሑድ እሑድ ወንበር አውጥተው የሳምንቱን ምስር በትሪ ላይ ይለቅማሉ። አዜብ አራተኛ ፎቅ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ከእናቷ ጋር ይባል እንጂ፣ ስምንት ወር ሙሉ ባንድ ማዕድ ቀርበው አያውቁም።

ያደገችበት ማኅበር ትንሽ ነው፣ ጥብቅም ነው። ማኅበሩን የተወ ሰው አይሰደብም፣ ከቤትም አይባረርም። አብሮት የሚበላ የለም፣ የማኅበሩ ታላላቆችም ሰላም አይሉትም፤ ያ ብቻ ነው። እናቷ ምግቡን ትሠራለች፣ የልጇን ድርሻ በሳህን ትከድናለች፣ የራሷን ይዛ መኝታ ቤቷ ትገባለች። ስኳር በሽታ አለባት፤ በቅርቡ ደግሞ እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። አዜብ ሳሎን ተቀምጣ ስትበላ፣ ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ሲጋጭ በግድግዳው በኩል ይሰማታል።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት የማኅበሩ ታላላቆች ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። ተሳስቼ ነበር፤ ተመልሻለሁ። ከፈረመች ምሳዋን ከእናቷ ጋር ትበላለች። ካልፈረመች ታላላቆቹ ሁለተኛ አይመጡም።

ከመፈረሟ በፊት አንድ ነገር ልትሞክር ፈለገች። ጠዋት ተነስታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ደጁን እንኳ እንዳትረግጥ ወደተነገራት ወደ ሌላ እምነት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የፕላስቲክ ወንበር፣ ኪቦርድ፣ ጭብጨባ። ማን ነሽ ያላት የለም። አንዲት ሴት ፈገግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላትና ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አዜብ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ፣ ሁለት ሰዓት ሰምታ ወጣች። መንገድ ላይ መዳፏን ስትከፍት የምትሠራበት ፋርማሲ ደረሰኝ አገኘች። ጀርባው ተጽፎበታል። ጽሕፈቱ የራሷ ነው።

በማኅበሩ ሰው ሁሉ ሳምንቱን የሌላውን ጥፋት እየለቀመ ይጽፋል፤ በጉባኤው ቀን ያስረክባል። «የፍቅር ማስታወሻ» ነው የሚሉት። አዜብ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጽፋለች፤ ጽሕፈትንም የተማረችው በዚያ ነው። ደረሰኙ ላይ ሰባት ነገር ነበረ። ሰባኪው ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። ፊት ያለው ሰውዬ በጸሎት መካከል የኳስ ውጤት ከፈተ። እንዲህ እያለ ይሄዳል። የመጨረሻው፣ ወንበር የለቀቀችልኝ ሴት ከንፈሯን ቀለም ተቀብታለች፣ ይላል።

ጋሽ ልሳነወርቅ ሰባቱንም ካነበቡ በኋላ ነው የጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ሰባት ነገር ስጽፍ አንድ ጸሎት አልጸለይኩም። ቤቱ ነው ውሸት ወይስ እኔ ነኝ? እንዲህ ከሆነስ፣ ብመለስ አይሻልም?»

*

ሰውየው የቆመው በአንድ ጥብቅ ሃይማኖት ቤት በር ላይ ነበር፣ አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። አንቺ ካደግሽበት ሌላ ነው፤ ግን የሥጋ ዘመድ ናቸው። በዚያ ቤት ማንም ዝም ብሎ አይገባም። በረኛው የመጣውን ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ሳምንቱን ከማን ጋር በላህ፣ በምን ሳቅህ፣ ምን ደበቅህ። መልሱ ደግ ከሆነ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላል። ካልሆነ ፈቀቅ አይልም። መቆጣት የለ፣ እጅ ማንሳት የለ። አለመንቀሳቀስ ብቻ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሞ ባንድም ሰው ላይ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እንዲያውም በገርነቱ ይመሰገን ነበር።

የተመለሱት ደግሞ ወደ ቤታቸው አይሄዱም። ከመንገዱ ማዶ ካሉት ድንጋዮች ላይ ተቀምጠው ጉባኤው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ዝናብም ቢዘንብ። አንድ ቀን የገዛ ሚስቱ ድንጋዩ ላይ ዋለች። ጎረቤት የነገራት ቀልድ አስቋት ነበር። ቤት ሲገቡ እርጥብ ልብሷን ተቀብሎ አሰጣላት፤ ሁለቱም ዘንድሮ ክረምቱ መክፋቱን ተነጋገሩ፤ ሌላ አላነሱም።

አዜብ ቀልዱ ምን እንደነበር ጠየቀች።

ጋሽ ልሳነወርቅ ጥቂት አሰቡ። የአንድ በግ ነገር ነው፣ አሉ፤ ያን ያህል እንኳ አያስቅም።

አንድ እሑድ ያ በረኛ ከሰው ሁሉ ቀድሞ መጣ። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ድንጋዮቹም ባዶ ናቸው። ምን እንደነካው እንጃ፣ ሦስቱን ጥያቄ ራሱን ጠየቀ። የመጀመሪያውን መለሰ። በሁለተኛው፣ የሳቀበትን ቀን ማስታወስ አቃተው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ዝም ያለን ሰው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ያውቃል። ፈቀቅ አላለም። የገዛ ራሱን መለሰና፣ ድንጋዮቹንም አልፎ ሄደ። በዚያ በር ዳግመኛ አልቆመም።

ሰው ይህን ሲሰማ ነፃ ወጣ ይላል። ሚስቱ ግን ልጆቿን ይዛ ከዚያ ቤት ሰዎች ጋር ቀረች። ገበያ ላይ ሲያገኙት እንደ ስልክ እንጨት ያልፉታል። ትንሿ ልጅ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ልታየው ስትል እናቷ አንገቷን በእጇ ይዛ በቀስታ መለሰችው። ሰውየው አልተቆጣም፤ ያን አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው። ሁለት ዓመት ብቻውን በላ። ብቻውን የሚበላ ሰው መቀመጥ ይተዋል። ከድስቱ ላይ ቆሞ ይበላል፤ ማንኪያውን አጥቦ ያስቀምጣል፤ ቀኑ ግን ገና ነው።

አንዲት ጎረቤት ጀሪካን ይዛ በአጠገባቸው ስታልፍ፣ ጋሽ ልሳነወርቅ ዛሬ ምስር የሚያስለቅሙት ሠራተኛ ቀጥረው እንደሆነ ጠየቀች። አዜብ ወደ እጇ አየች። ሳታስበው ስትለቅም ቆይታለች፤ ከትሪው ዳር የጠጠር ክምር ሠርታለች። ጎረቤትዋም ሠራተኛዋ ጎበዝ ናት፣ ደመወዝ ይጨመርላት ብላ ደረጃውን ወጣች።

*

በሦስተኛው ዓመት ሰውየው ደወል ሰምቶ ወደ አንድ ሌላ እምነት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ምን ሊያገኝ እንደሆነ ቢጠይቁት አያውቅም። ሰው የሚበዛበት ቦታ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ መንገድ ላይ ሲያዘጋጅ ነው የመጣው፤ ምን እንደደበቀ እንኳ ሊናገር ቆርጦ ነበር። ሲደርስ የበሩ ሁለቱም መዝጊያ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሩ ላይ ማንም የለም።

ያ ነው ያስደነገጠው። ጠያቂውን ጠበቀ። ሰዉ እየመጣ፣ ጫማውን እያወለቀ፣ መቃኑን እየተሳለመ ይገባል። እሱ ከጫማው ክምር አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት በምርኩዝ ደረጃውን ወጥተው ጫማቸውን አወለቁና እጁ ላይ አስቀመጡለት። ባለፈው ሳምንት አንዱ እግር ጠፍቶባቸው በሰው ነጠላ ጫማ ቤታቸው መግባታቸውን፣ ምራታቸውም ከዚያ ወዲህ ስቃ እንዳላባራች ነገሩት። «ዛሬ አንተ ነህ የምትጠብቀው? አደራ እንግዲህ ልጄ» ብለውት ገቡ።

ሰውየው አይደለሁም አላለም። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ማንም ምንም ነገር አደራ ብሎት አያውቅም።

በሚቀጥለው እሑድም መጣ። ከዚያ በሚቀጥለውም። ጫማውን በረድፍ ያሰልፍ ጀመር፤ የአዋቂውን ለብቻ፣ የልጆቹን ለብቻ፣ የአዛውንቱን ጥግ ላይ ለእጃቸው እንዲመች። ሴቶቹ የጫማ አለቃ እያሉ ይቀልዱበታል። ሲወጡ ይመርቁታል፤ ጸበል ጻዲቅ ሲኖር ድርሻውን ያመጡለታል። ዜማው ከውስጥ ይሰማዋል። ዛሬ ልግባ ይላል በልቡ፤ ደግሞ፣ እሺ በሚቀጥለው ይላል። አንድ ቀን ዲያቆኑ መጥቶ ለምን እንደማይገባ ጠየቀው። እኔ ከገባሁ ጫማ ይጠፋል አለ። ዲያቆኑም ስቆ፣ የጠፋው ይጥፋ፣ ግባ አለው። ሰውየው አመስግኖ እዚያው ቆመ።

እንዲህ ሰባት ወር ሆነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ምን እንደተሣለ ቢጠይቁት አያውቅም። የማን ተረከዝ በየት በኩል እንደሚበላ ግን ያውቃል።

ሰባተኛው ወር ላይ፣ ቅዳሴው ከተጀመረ ቆይቶ፣ አንዲት ሴት መጣች። ነጠላዋ አዲስ ነው፤ የሱቁ እጥፋት ገና አልተፈታም። ጫማዋን ከግቢው ዋና በር ላይ አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ ያን ሁሉ ጠጠር ረግጣ የመጣችው በባዶ እግሯ ነው። የት ድረስ ተጫምቶ እንደሚመጣ አታውቅም ማለት ነው። ደረጃው ሥር ስትደርስ ቆመች።

«እኔ ዓይነቷ መግባት ትችላለች?» አለችው።

እዚህ ላይ ጋሽ ልሳነወርቅ ትሪውን ከጭናቸው አንስተው መሬት ላይ አስቀመጡት።

መልሱ ቀላል ነበር፣ አሉ። ማንም የማይጠየቅበት ቤት ነው። ግቢ ማለት ይበቃል። ዝም ቢልም ትገባ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጫማዋን ቢቀበላት እንኳ ትገባ ነበር። ሰውየው አፉን ሲከፍት እሱም ግቢ ሊላት ነው የመሰለው። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሳምንቱን ከማን ጋር በላሽ?» አላት።

ሴትየዋ አልገረማትም። «እኔ ዓይነቷ» የሚል ሰው የትም ቢሄድ እንደሚጠየቅ ያውቃል። ከማንም፣ አለች። በምን እንደሳቀች ጠየቃት፤ አልሳቅሁም አለች። ምን እንደደበቀች ጠየቃት። ለዚህኛው መልስ አልሰጠችም፤ እግሯ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ሰውየው ፈቀቅ አላለም።

ልብ በይ፣ አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ በሩ ከኋላው ተከፍቷል። ሦስት ሰው ጎን ለጎን ያስገባል፤ እሱ የቆመው በአንድ ዳር ነው። በወዲያኛው በኩል ብታልፈው የሚይዛት አልነበረም፤ እሱም እጁን አያነሳም። ግን ሰው ፊትሽ ሲቆም በሩ ሁሉ የተዘጋ ይመስልሻል።

ሴትየዋ ጫማዋን አደረገች። እግዜር ይስጥልኝ አለችው፤ ሄደች።

ይህችን ምስጋና ነው ያልቻላት። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ሊከተላት አሰበ፤ አንድ እርምጃም ተራመደ። ከዚያ ዞር ሲል ጫማዎቹን አየ። አርባ ጥንድ ይሆናሉ፣ ሁሉም አደራ ናቸው። ጥሏቸው ሄዶ አንዱ ቢጠፋስ? አዛውንቱ ዛሬም በሰው ነጠላ ጫማ ቢገቡስ? ስለዚህ ቆመ። ያ አዲስ ነጠላ ግቢውን ሲያቋርጥ፣ ከግንቡ ጋ ሲታጠፍ ቆሞ አየ። ቅዳሴው አለቀ። ሰዉ ወጣ፣ ጫማው ሳይጎድል አገኘ፣ መረቀው። ደረጃው ባዶ ሆነ። አንድ ጥንድ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም በገዛ እግሩ ላይ ያለው ነው። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ቀን አላወለቀውም።

*

አዜብ ሴትየዋ ተመልሳ መጥታ እንደሆነ ጠየቀች።

ብዙ እሑድ ጠበቃት፣ አሉ። ብትመጣም አያውቃትም። ሲጠይቃት ሁሉ ያየው እግሯን ነው።

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቤቱ ነው ውሸት ወይስ እኔ አልሽኝ። ልጄ፣ አንቺ ያን ቤት አላየሽውም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ገላሽ ነው፤ አንቺ በሩ ላይ ነበርሽ፣ ደረሰኝ ይዘሽ አንድ አንዱን ስትጠይቂ። ቆማ ያስቀመጠችሽን ሴት እንኳ ከንፈሯን አይተሽ መለስሻት። ከእናትሽ ማኅበር የወጣሽ መስሎሻል። በሩን ነቅለሽ ይዘሽው ነው የወጣሽ። በሄድሽበት ሁሉ ታቆሚዋለሽ፣ አጠገቡ ትቆሚያለሽ። ያቺ አዲስ ነጠላ የገዛችውም ሴት ሌላ ሰው እንዳትመስልሽ። ልግባ ብላ ዛሬ ማልዳ የተነሳችው አንቺ ነሽ። ፈቀቅ ያላለላትም አንቺ ነሽ። ልመለስ ወይ አልሽኝ። ገና ሳትወጪ ከየት ትመለሻለሽ?»

 አዜብ ያ በር እንዴት እንደሚወርድ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ልሳነወርቅ ያን ቢያውቁ ኖሮ በእሑድ ቀን ብቻቸውን ምስር ሲለቅሙ እንደማታገኛቸው ነገሯት። ትሪውን አነሱ።

ሁለቱ ታላላቆች ከሰዓታቸው ቀድመው መጡ። ኮት ለብሰዋል፤ አንደኛው ሰማያዊ ክላሰር በብብቱ ይዟል። ጽሕፈት ያስተማራት እሱ ነው። ጋሽ ልሳነወርቅን እንደምን ዋሉ ብለው ሰላም አሉ። በአዜብ አጠገብ ሲያልፉ ዓይናቸውን ደረጃው ላይ አደረጉ፤ ያልፈረመ ሰው ሰላም አይባልም። ክላሰር የያዘው ሰው የኮት ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። አዜብ ይህን አየች፤ ወዲያው ቀኝ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ እስክሪብቶ ሲፈልግ አገኘችው።

እጇን አወጣች። የእግራቸው ድምፅ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ፎቅ ሲያልፍ አዳመጠች። ላይ በር ተከፈተ፤ የእናቷ ድምፅ ግቡ፣ ግቡ ሲል ተሰማ። አዜብ ተነሳች፣ ጋሽ ልሳነወርቅን ተሰናብታ መውጣት ጀመረች።

እናቷ በሩን ይዛ ትጠብቃት ነበር። ፀጉሯን ታጥባለች፤ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ከትከሻዋ በላይ ጠረጴዛው ይታያል። የምሳው ትሪ ቀርቧል፤ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ቀርቦለታል። ምሳ ሰዓት አልፏል፣ እናቷ ግን ሳትበላ ቆይታለች፤ ስኳር ያለበት ሰው እንዲህ መቆየት የለበትም።

«ነይ ግቢ እንጂ» አለች እናቷ፣ ቀስ ብላ። «እየጠበቁሽ ነው።»

አዜብ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ሳልፈርም አብረሽኝ ትበያለሽ?»

እናቷ ወደ ሳሎኑ ዞር አለች። ሁለቱ ሰዎች ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ወረቀቱን ከክላሰሩ አውጥቶ በመዳፉ እያቃና ነበር።  ቀና አላሉም። እናቷ ተመልሳ ልጇን አየቻት፤ ከፀጉሯ እስከ እግሯ አየቻት። እጇ መዝጊያው ላይ ነው።

በሩ ቀስ ብሎ በአዜብ ፊት ተዘጋ።